ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል፦ የኦጋዴን ግንባር አዛዥና የቤታቸው አባወራ

በዛሬው የታሪክ ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ በጦር ሜዳ ተሸንፈው፣ አገራቸውን ለቀው ወጥተው፣ በሰው አገር ስላረፉ አንድ የጦር አዛዥ ነው። የተሸነፈ ሰው ምን ሊያስተምረን ነው የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን ሰውየውን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ከመካከላችን ትምህርቱን ጨርሶ በጉናጋዶ፣ በደገሀቡር ወይም በቀብሪ ደሀር መንገድ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሚመደብ ይኖራል። እዚያ ያሉ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከብት የሚያግዱበት መሬት ሚያዝያ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ነበር። ልጆቹ እዚህ ቦታ ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁት፣ መምህሩ የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል። ያንን ግንባር ያዝዙ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለን። በዓለም ላይ የጦር ጄኔራሎችን ሕይወት በቴሌቪዥን ድራማ ማቅረብ የተለመደ ነገር ነው። ለምሳሌ በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አዛዥ የጄኔራል አይዘንሃወርን ሕይወት የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ቀርቦ ነበር። ጄኔራሉን ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ዱቫል ነው። ድራማው ከጦርነቱ ዕቅድ ጎን ለጎን ጄኔራሉ ከሴት ሾፌራቸው ከኬይ ሰመርስቢ ጋር የነበራቸውን ቅርበት አጉልቶ ስላሳየ ብዙ አነጋግሯል። የታሪክ ሰዎችም ቅርበቱ እስከ ምን ድረስ እንደነበር እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እንግዲህ ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ የአንድ አዛዥ የግል ሕይወት ሐሜት ነው ወይስ ታሪክ? የእኛው ደጃዝማች ነሲቡ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ከትምህርት ቤት እስከ ከንቲባነት

ነሲቡ ዘአማኑኤል የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዘመኑ ልጅ ሆኖ ፊደል የሚቆጥር ሁሉ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ነበር። እሳቸው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች አንዱ ለመሆን በቁ። ይህ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑም በመጀመሪያ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ፈረንሳይኛ ተናገሩ፣ ካርታ አነበቡ፣ ስለ ዓለም ፖለቲካ ማውራት ቻሉ። እጩ መምህራን ልብ በሉ፦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገሪቱን በቆንስልነት፣ በዲሬክተርነት፣ በአገረ ገዥነት የያዙት ብዙዎቹ ከእነዚህ ጥቂት የመማሪያ ክፍሎች የወጡ ናቸው።

ነሲቡም እንደዚያው ሆኑ። አስመራ ላይ የኢትዮጵያ ቆንስል ሆነው ሠርተዋል። ይህ ሥራ ለኋላ ሕይወታቸው ትልቅ ትርጉም አለው። በአስመራ ጣሊያኖችን በቅርብ አይተዋል። ቢሯቸውን፣ ወታደራቸውን፣ መንገድ አሠራራቸውን፣ በቅኝ የያዙትን ሕዝብ እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ተመልክተዋል። በኦጋዴን ከጣሊያን ጋር ሲገጥሙ ጠላታቸው ለእሳቸው ባዳ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ በጦር ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሠሩ፤ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆኑ። ብዙ ሰው ዛሬም ስማቸውን ሲያነሣ ከንቲባ ነሲቡ የሚለው ለዚህ ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ገና ከሠፈር ወደ ከተማነት የምትሸጋገርበት፣ መኪናና በቅሎ በአንድ መንገድ የሚጋፉበት ጊዜ ነበር። ከንቲባነቱ ሹመት ብቻ ሳይሆን ራስ ምታት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ነሲቡ አገር በአዲስ አሠራር መለወጥ አለባት ከሚሉት፣ በትምህርት ከመጡት ወጣት ሹማምንት ጋር ስማቸው አብሮ ይነሣ ጀመር። ከዚያም የባሌ አገረ ገዥ ሆነው ቆላውንና ደጋውን አይተዋል።

የቤታቸው ነገር

አሁን ወደ ቤታቸው እንግባ። ደጃዝማች ነሲቡ ያገቡት ወይዘሮ አጸደ ማርያም ባቢቼፍን ነው። ባቢቼፍ የሚለው ስም ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ነው። አባታቸው ኢቫን ባቢቼፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ የኢትዮጵያን ማዕረግ የተቀበሉ ሩሲያዊ መኮንን ናቸው። የወይዘሮ አጸደ ማርያም ወንድም ሚሽካ ባቢቼፍ ደግሞ አውሮፕላን ማብረር ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። እንግዲህ ይህ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደነበረ ገምቱት፦ ባል የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ውጤት፣ አማት ሩሲያዊ መኮንን፣ አማች የአየር አብራሪ። የአዲሲቱ ኢትዮጵያ ተስፋ በአንድ ጣራ ሥር የተሰበሰበበት ቤት ነው።

ከልጆቻቸው አንዷ ማርታ ነሲቡ በ1923 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። ማርታ በኋላ ሠዓሊ ሆነች። ስለ አባቷ ቤት ዛሬ ከምናውቀው ውስጥ ብዙው ከእሷ የተገኘ ነው። ይህንን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በ1927 ዓ.ም. ደጃዝማች ነሲቡ የሐረርጌ አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ በሰላም ጊዜ የተሰጠ አይመስልም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ እናያለን።

ወልወል

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። የኢትዮጵያ ወታደሮች የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰን ለማስመር የወጣውን ኮሚሲዮን አጅበው የመጡ ነበሩ። ጣሊያኖች በታንክና በአውሮፕላን ጭምር ወጉ። ከኢትዮጵያ ወገን ከ100 በላይ ሰው ሞተ። በኦጋዴን ውኃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጉድጓዱን የያዘ መሬቱን ይዟል። ጣሊያን በወልወል ጉድጓዶች ላይ ምሽግ የሠራው ይህንን አውቆ ነው። ከዚያም በጉዳዩ ካሣና ይቅርታ እየጠየቀ፣ በሌላ በኩል ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ ማከማቸት ቀጠለ።

ደጃዝማች ነሲቡ የሐረርጌን ግዛት ሲረከቡ የተረከቡት ይህንን ነው። ከጅጅጋ ተነሥቶ በደገሀቡር በኩል እስከ ጎራሄ ድረስ የሚዘረጋ፣ ዛፍ የሳሳበት፣ ውኃ የተራራቀበት ሰፊ አገር። በወዲያ በኩል ያለው ባላጋራ ደግሞ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ግራዚያኒ በሊቢያ ሕዝቡን በሽቦ በታጠረ የበረሃ ሠፈር ያጎረ፣ የነጻነት ታጋዩን ዑመር አል ሙኽታርን በመስከረም 1924 ዓ.ም. በስቅላት ያስገደለ ሰው ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያደረሰው እልቂት ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ጎራሄና ግራዝማች አፈወርቅ

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ። በኦጋዴን ግንባር የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ የጎራሄ ነው። ጎራሄ ቀድሞ የሰይድ ሙሐመድ ዐብዲላ ሐሰን ምሽግ የነበረበት ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠውን የኢትዮጵያ ጦር ያዝዙ የነበሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ናቸው። አፈወርቅ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ወታደሩን ሥርዓት አስይዘው፣ ካለቻቸው ጥቂት የአየር መቃወሚያ መሣሪያ ጋር የጣሊያንን አውሮፕላን ይጠብቁ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ወደ ኦጋዴን ወርዶ አይቷቸዋል፤ በኋላ በጻፈውም መጽሐፍ በአድናቆት አንሥቷቸዋል።

በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ማብቂያ የጣሊያን አውሮፕላኖች ጎራሄን ለቀናት በቦምብ ደበደቡ። አፈወርቅ በቦምብ ፍንጣሪ ቆሰሉ። ወደ ኋላ ተወስደው እንዲታከሙ ቢለመኑም ከቦታቸው አልነቃነቅም አሉ። ቁስሉ አመርቅዞ ገደላቸው። አዛዡ ሲሞት ጦሩ ልቡ ተሰብሮ ምሽጉን ለቀቀ። የሚያሳድደውን የጣሊያን ጦር ግን በሐማንሌይ ከደገሀቡር የመጣ ኃይል ተጋፍጦ ገታው፤ የጣሊያን የብረት መኪናዎችም እዚያ ተማረኩ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በኅዳር ወር በአውሮፕላን ወደ ጅጅጋ መጥተው ግንባሩን ጎበኙ። አፈወርቅም ከሞቱ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

የአፈወርቅን ነገር እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን አዛዦች ያወዳድራል። አፈወርቅ ሞተው ቀሩ፤ ነሲቡ ወጥተው ሄዱ ይባላል። ውድድሩ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከታች እናመዛዝናለን።

ቱርካዊው ጄኔራልና የጉናጋዶ ምሽግ

ከጎራሄ በኋላ ደጃዝማች ነሲቡ መምሪያቸውን በደገሀቡር አድርገው መከላከያ መሥራት ያዙ። አማካሪያቸው ወሂብ ፓሻ የሚባሉ ቱርካዊ ጄኔራል ነበሩ። ወሂብ ፓሻ ቀላል ሰው አይደሉም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በገሊፖሊ እንግሊዝና ፈረንሳይን ከመከቱት የኦቶማን አዛዦች አንዱ ናቸው። ከዚያ ጦርነት የተማሩትን፣ ማለትም መሬት ቆፍሮ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ መትረየስ አቀናጅቶ ጠላትን መጠበቅን በሳሳበነህ፣ በቡላሌና በጉናጋዶ አካባቢ ሥራ ላይ አዋሉት። ይህንን የመከላከያ መሥመር በጀርመኑ ማርሻል ስም የሂንደንበርግ መሥመር ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ የአዛዡን ችግር እናስብ። የኢትዮጵያ ጦር በልማዱ የሚዋጋው ወደ ፊት ሮጦ፣ በአንድ ቀን ውሎ ነው። ዐድዋ የተገኘችው እንደዚያ ነው። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ለወራት አውሮፕላን ሲያንዣብብ መጠበቅ ለጦሩ ሞት ነበር። ፈሪ የሚደበቅበት ነገር ይመስለው ነበር። ነሲቡ እንግዲህ በአንድ በኩል የቱርኩን ጄኔራል ምክር፣ በሌላ በኩል የወታደሩን ልማድ ይዘው መሐል ቆመዋል። ሰው አሳምኖ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ መምህራን ታውቁታላችሁ፣ አዲስ ነገር እንደ ማስተማር ነው። በትእዛዝ ብቻ አይሆንም።

ጦሩም አንድ ዓይነት አልነበረም። ከሐረርጌ፣ ከኢሉባቦር፣ ከጋሞ ጎፋ የመጣ ሰው ነበረበት። የአካባቢው ሶማሌም በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ነበር። ዑመር ሰመንተር የሚባሉት የሶማሌ ተዋጊ አስቀድመው በጣሊያን ሶማሊያ በኤል ቡር ላይ ጣሊያኖችን የወጉ ሰው ናቸው፤ በኦጋዴን ከኢትዮጵያ ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። በሌላ በኩል የወቢ ሸበሌው ሱልጣን ኦሎል ዲንሌ ከጣሊያን ጋር ሆኑ። ይህንን ለተማሪ ስንነግር ማንንም ጎሣ ለማስወቀስ አይደለም። ሕዝብ በሁለት ኃይለኞች መካከል ሲወድቅ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ስሌት ያደርጋልና።

በደገሀቡር ሕክምና ይሰጡ ከነበሩት መካከል ዶክተር ሮበርት ሆክማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። አውሮፕላን የጣላቸውን ያልፈነዱ ቦምቦች እየፈቱ ሰውን ከአደጋ ያድኑ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አንዱ ቦምብ በእጃቸው ላይ ፈንድቶ ገደላቸው። የደገሀቡር ሰው እንዲህ ያሉ ሰዎችን ስም ማወቅ ይገባዋል።

ጣሊያን በዚህ ግንባርም የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። ጋዝ የማይታይ ጠላት ነው። ጉድጓድ አያድንም፤ ይባስ ብሎ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ደጃዝማች ነሲቡም ከጋዙ እንዳላመለጡ በኋላ ታየ። በመጋቢት ወር ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች ጅጅጋንና ሐረርን በቦምብ አቃጠሉ።

የሚያዝያ ጦርነት

በጥር 1928 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው በገናሌ ዶርያ ተሸነፉና ግራዚያኒ ነገሌን ያዘ። በሰሜን ደግሞ መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ያልተሰበረ ትልቅ ጦር የቀረው የነሲቡ ጦር ነበር ማለት ይቻላል። ግራዚያኒ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ተነሣ። የያዘው ጦር ወደ 38,000 ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ 15,600 ያህሉ ጣሊያናውያን ሲሆኑ የቀረው የሊቢያና የሶማሌ ጦር ነበር። የነሲቡ ጦር ወደ 30,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። ቁጥሩ ተቀራራቢ ይመስላል። ነገር ግን አውሮፕላን፣ ታንክና የጭነት መኪና ሲደመርበት ሚዛኑ ያጋድላል።

ግራዚያኒ ጦሩን በሦስት መሥመር አሰለፈ። አዛዦቹ ጄኔራል ናዚ፣ ጄኔራል ፍሩሺና ጄኔራል አጎስቲኒ ነበሩ። በአንደኛው በኩል፣ በጃናጎቦ፣ የሊቢያው ጦር ከደጃዝማች አበበ ዳምጠውና ከደጃዝማች መኰንን እንዳልካቸው ሰዎች ጋር ገጠመ። ውጊያው ቀናት ፈጀ፤ ሊቢያውያኑ ብዙ ሰው አለቀባቸው። ነገሩ የሚያሳዝን ነው። እነዚያ ሊቢያውያን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በግራዚያኒ የተቀጠቀጡ ሕዝብ ልጆች ናቸው። የእሱን መሣሪያ ይዘው በኦጋዴን ሌላ ሕዝብ ሊወጉ መጡ። ቅኝ ገዢነት ድሆችን እርስ በርስ የሚያጋጨው እንዲህ ነው። ደጃዝማች መኰንን እንዳልካቸው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትርና ታዋቂ ደራሲ የሆኑት ናቸው።

ያን ሰሞን ሶማሌዎች ጉ የሚሉት ዝናብ ገባ። መሬቱ ጭቃ ሆኖ የጣሊያን መኪና ተያዘ። ለጥቂት ቀናት ተፈጥሮ ለነሲቡ የቆመች መሰለች። ነገር ግን ዝናቡ ጠላትን ዘገየው እንጂ አልመለሰውም።

ሚያዝያ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. በጉናጋዶ ውጊያ ሆነ። የኢትዮጵያ ወታደሮች በደረቁ ወንዝ ዳር በዋሻና በጉድጓድ ውስጥ ሆነው ይጠብቁ ነበር። በጣሊያን በኩል ከተሰለፉት አንዱ ካራቢኔሪ የሚባለው ጦራቸው ነው። አውሮፕላን ከላይ፣ መድፍና ታንክ ከፊት ሆነው ቦታውን መቱ። ተከላካዮቹ ከጉድጓዳቸው ሳይወጡ ተዋጉ። ጣሊያኖች በዚያ ቀን ለሞቱ ካራቢኔሪዎቻቸው ከፍተኛ ሜዳይ ሰጥተው እስከ ዛሬ ስማቸውን ያነሣሉ። በእኛ በኩል የወደቁት ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም። አጽማቸው ከመሬቱ ጋር ተቀላቅሏል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፦ አጥቂው የጀግኖቹን ስም ሲጽፍ፣ አገሩን የተከላከለው ስሙ ጠፋ። ይህንን ማስተካከል የማን ሥራ ነው? በከፊል የእኛ፣ የመምህራን ነው።

ከጉናጋዶ በኋላ መሥመሩ ተሰበረ። ሚያዝያ 22 ቀን ደገሀቡር ተያዘች። ወደ ጅጅጋ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ሚያዝያ 30 ቀን ሐረርን ያዘ። በእነዚያ ቀናት ደጃዝማች ነሲቡም በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጡ። ወሂብ ፓሻም ወጥተው በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1932 ዓ.ም. በኢስታንቡል ሞቱ።

ጄኔቭና ዳቮስ

ደጃዝማች ነሲቡ ከአገር ሲወጡ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ከኋላ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ በዓይነ ሥጋ አልተገናኙም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተናገሩ። ነሲቡም ጉዳያችንን ይዘው ወደ ጄኔቭ ከሄዱት አንዱ ነበሩ። ግንባሩን ያዩ፣ ጋዙን የቀመሱ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሰው ስለነበሩ ለዚህ ሥራ የተመቹ ነበሩ። ነገር ግን ዓለም ጆሮውን ደፍኖ ነበር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። ያ ማዕቀብ ከመጀመሪያውም ነዳጅ ዘይትን ያልጨመረ የይስሙላ ማዕቀብ ነበር።

ደጃዝማቹ ታመሙ። ሕመሙ የሳንባ ነበር። በዚያ ዘመን የሳንባ ሕመምተኛ ወደሚሄድባት፣ በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ወዳለችው ዳቮስ ተወሰዱ። ጥቅምት 6 ቀን 1929 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ዕድሜያቸው 43 ዓመት ገደማ ነበር። ሕመሙን ያመጣባቸው በኦጋዴን የሳቡት ጋዝ ነው ስትል ልጃቸው ጽፋለች። እንግዲህ ነሲቡ በጉናጋዶ ከሞቱት ጋር በአንድ ቀን ባይሞቱም፣ የገደላቸው ያው ጦርነት ነው ማለት ነው። ሞቱ ስድስት ወር ዘግይቶ ደረሰ።

የቤተሰቡ መከራ ግን በዚህ አላበቃም። ጣሊያን ወይዘሮ አጸደ ማርያምንና ልጆቹን በግዞት ወሰዳቸው። ማርታ ያን ጊዜ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በጣሊያን፣ በሮድስ ደሴት፣ በትሪፖሊ እያዘዋወሩ አቆዩአቸው። እናት ባሏን ቀብራ ማልቀስ እንኳ ሳትችል፣ ልጆቿን ይዛ በጠላት አገር ከቦታ ቦታ ተንከራተተች። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1936 ዓ.ም. ነው። ልጅነታቸው በግዞት አለቀ።

ማርታ ነሲቡ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የልጅነት ትዝታዋን በጣሊያንኛ መጽሐፍ አድርጋ አሳተመች። አስቡት፤ ግዞተኛዋ ልጅ ያሳደዳትን ሕዝብ ቋንቋ ተምራ፣ በዚያው ቋንቋ የአባቷን ታሪክ መልሳ ነገረቻቸው። ይህ ራሱ አንድ ዓይነት ድል ነው እንላለን።

ሚዛን

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ነሲቡ ለምን እንደ አፈወርቅ ቦታቸው ላይ አልሞቱም የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። የብዙ ሺህ ሰው አዛዥ ሰዎቹን ትቶ ድንበር ሲሻገር፣ የቀረው ወታደር ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ያልወጡት በጫካና በገደል አምስት ዓመት ታግለዋል። ይህንን እውነት ለነሲቡ ስንል ማለስለስ የለብንም።

በሌላ በኩል ግን እንመልከት። ጎራሄ በአፈወርቅ ጀግንነት ቆመች፤ አፈወርቅ ሲሞቱ ወደቀች። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ስለነበረ ነው። ነሲቡ ደግሞ ጎራሄ ከወደቀች ጀምሮ ግራዚያኒን ከአምስት ወር በላይ ከደገሀቡር ደጃፍ አቆይተዋል። ይህንን ያደረጉት በጉድጓድ፣ በመንገድ፣ በስንቅና በምክር ነው። የግራዚያኒን ግስጋሴ አዘግይተው ባዶልዮ ቀድሞት አዲስ አበባ እንዲገባ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ መከላከያ ነው። የአፈወርቅ ጀግንነት የአንድ ሰው ጀግንነት ነው፤ የነሲቡ ሥራ ደግሞ የድርጅት ሥራ ነው። አገር ሁለቱንም ትፈልጋለች። በእኛ አስተያየት ሁለቱን አዛዦች አንዱን አንሥቶ ሌላውን ለመጣል ማወዳደር ለተማሪ አይጠቅምም።

የግል ሕይወታቸውስ ለታሪክ ምን ይጠቅማል ያልነውስ? ይጠቅማል። የነሲቡን ቤት ካላወቅን ጦርነቱ ያጠፋው ወታደርና ምሽግ ብቻ ይመስለናል። ቤቱን ስናይ ግን፣ ጣሊያን የመታው ያንን የተማረ፣ ከዓለም ጋር የተገናኘ፣ ገና እያበበ የነበረ ትውልድ መሆኑ ይገባናል። የጄኔራሉ ሚስት በድራማ ውስጥ ለጌጥ የምትገባ ሰው አይደለችም። ወይዘሮ አጸደ ማርያም ጥይት ሳትተኩስ ስምንት ዓመት ያህል ጦርነቱን ተሸክማለች።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በትምህርት ተቋማችን የድራማ ክበብ ያላችሁ ጓደኞቻችን ይህንን ሕይወት ወደ መድረክ ብታመጡት ጥሩ ነው። ነገ ደግሞ የቴሌቪዥን ሰዎች ያዩት ይሆናል። ስትሠሩት ግን ከአይዘንሃወሩ ድራማ ትምህርት ውሰዱ። ማስረጃ የሌለውን የፍቅር ወሬ ማግነን ተመልካች ያበዛ ይሆናል እንጂ ታሪክ አያስተምርም። ያለው እውነት ራሱ ከበቂ በላይ ድራማ ነው፦ ደገሀቡር ላይ ካርታ ዘርግተው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አማርኛ አንዱ ቱርክኛ ተናጋሪ፤ ጭቃ የያዘው መኪና፤ በደረቅ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቅ ስሙ ያልተጻፈ ወታደር፤ በዳቮስ በረዶ ውስጥ የሚያስል አዛዥ፤ በሮድስ ደሴት አባቷን የምትጠይቅ ትንሽ ልጅ።

በጉናጋዶ የምትመደቡ እጩ መምህራን ደግሞ ሌላ ሥራ አላችሁ። በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት ይኖራል። ዋሻው የት እንደነበረ፣ ሰው የት እንደተቀበረ፣ አውሮፕላኑ በየት በኩል እንደመጣ በሶማልኛ ይነገራቸው የነበረውን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፤ ጻፉት። ሽማግሌው በሞተ ቁጥር አንድ መጽሐፍ ይቃጠላል። ጣሊያኖቹ የእነሱን ጽፈዋል። ማርታም የአባቷን ቤት ጽፋለች። የጉናጋዶ ልጆች የራሳቸውን መሬት ታሪክ መጻፍ ይቀራቸዋል፤ ብዕሩን የሚያስይዛቸው ደግሞ መምህራቸው ነው።